ማቆሚያውን ሲነኩት የሚዘፍነው

ነይ እስቲ ቁጭ በይ የኔ እህት። ሻይሽን ያዥና ወንበሩን ወደዚህ ሳቢው። ይሄ ሹራብ እንዴት አምሮብሻል… ቀለሙ ፊትሽን አበራው ልልሽ ነበር፤ ፊትሽ ግን ዛሬ አልበራም፣ ሹራቡ ብቻውን ነው የሚለፋው። አልቅሰሻል እንዴ? ተይ እናቴ፣ ለመሥሪያ ቤት ይሄን ያህል ያለቀሰ ሰው ለትዳር ምን ሊተርፈው ነው። ቁርስ ቀምሰሻል? ዳቦ አለኝ፣ እንካፈላለን። መስኮቱንም ልክፈተው፤ ይሄ ክፍል ሰው ሲበዛበት ይታፈናል። ዛሬ እንኳ ገና ማንም አልገባ፣ ሁለታችን ብቻ ነን…

እ? ሦስት ነን? ውይ፣ እውነትሽን ነው፣ አለቃችንን ረስቼ። ከግርዶሹ ወዲያ ናቸው ለካ። ምን ላድርግ፣ ድምፃቸው አይሰማም እኮ፤ እንዲህ ያለ ዝምተኛ የፈረቃ አለቃ የት ይገኛል? ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሥራ ይዘዋል፣ አይሰሙንም። ቢሰሙንስ ደግሞ ምን ክፉ ነገር ልናወራ ነው? እኔ የምነግረው ላንቺ ነው፤ ግድግዳ ከሰማ የግድግዳው ጉዳይ ነው።

በይ የምሥራች ልንገርሽ። ኮምፒውተርሽ ዳነልሽ። ያ ማቆሚያና ማጫወቻ ቁልፍ… ስንነካው የምናዳምጠውን ቅጂ ያቆምልናል ስንል ማንም ያልጠራውን የሙዚቃ አፕ እየቀሰቀሰ ሲያምሰን የከረመው… ዛሬ ጠዋት ልክ ገባ። ቀድሜ መጥቼ ነው የሠራሁት። ኢንተርኔት ላይ እንደኛ የተቃጠለ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ይረግማል፣ አንዳንዱ ግን ከረገመ በኋላ መላውንም ይነግርሻል።

ነገሩ ምን መሰለሽ? ቁልፉ ምስኪን ነው፣ ምንም አያውቅም። ስትነኪው «እዚህ ማነው ድምፅ የሚያሰማው?» ብሎ ይጠይቃል። የሰው ንግግር እየሰማን የምንጽፍበት የመገልበጫ ፕሮግራማችን ነቅቶ «እኔ ነኝ» ካለ ደህና። ትንሽ ካንቀላፋ ግን፣ ወይ ሌላ መስኮት ከፍተሽ ከዘነጋሽው፣ ከጀርባ አድፍጦ የሚጠብቅ አንድ ደላላ አለ። አዎ፣ ደላላ፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። እሱ ይሮጥና ሙዚቃውን «ተነስ፣ ተጠርተሃል» ይለዋል። ማን ጠራው? ማንም። መጀመሪያ ዘፋኙን ልነቅለው ሞከርኩ። እምቢ አለ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ብትነቅይውም ኮምፒውተሩ ራሱን ባደሰ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። ታዲያ ከዘፋኝ ጋር ምን አታገለኝ? ደላላውን አሰናበትኩት። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዳይነሳ ከለከልኩት፤ ቁልፉም ለእኛው ፕሮግራም ብቻ እንዲታዘዝ አደረግኩት። ንኪው እስቲ። ንኪው፣ አትፍሪ፣ አይናከስም… አየሽ? ጸጥ። ደግመሽ ንኪው… ቅጂሽ ቀጠለ። ዘፋኙ አሁንም ውስጥ አለ፣ አልሞተም፤ የሚጠራው አጥቶ ቁጭ ብሏል። አንዳንድ ሰው ካልጠሩት ጨዋ ነው።

አለቃችንም ለዚህ ቁልፍ ብለው ስንት ለፍተዋል፤ ውለታቸውን አንክድም። መጀመሪያ ምን አሉን? «አትንኩት።» እንዴት ያለ ጥበብ ነው። የሰው ንግግር እየሰማ ለሚጽፍ ሰው ማቆሚያውን አትንካ ማለት ለሾፌር ፍሬን አትርገጥ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደፍሮ አይናገርም ነበር። ቀጥሎ ፕላስተር ለጠፉበት፤ ያንን የቁስል ፕላስተር። ቁልፉ አልዳነም። በመጨረሻ የሻይ ማንኪያ ይዘው መጡና በእጀታው እየፈነቀሉ ከየኪቦርዱ ነቀሉልን። የእኔን ሲነቅሉ ድምፅ መቀነሻውንም አብረው አወጡት። ከዚያ ወዲያ መጨመር እንጂ መቀነስ የለም፤ ያ የመሬት ክርክር ምስክር ጆሮዬ ውስጥ ሲጮህ ሰነበተ። «ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ለመድኩት፤ ቤቴ ገብቼ ባለቤቴ ላይ መጮህ ጀመርኩ እንጂ።

የአንቺን ኪቦርድ ግን አልነቀሉም። ትዝ አለሽ? ማንኪያቸውን ይዘው ጠረጴዛሽ ጋ ደረሱና ቆም አሉ፤ «ይሄኛው ደህና ነው፣ ይሄን ተዉት» አሉ። ለምን ይሆን ብዬ ነበር… የአዲስ ልጅ ዕቃ አይነካም ብለው ይሆናል። ጨዋነታቸው እኮ ነው ያስቸገረን።

የሚገርመው ደግሞ፣ በሁላችንም ኮምፒውተር ላይ ያ አፕ ባዶ ነው። ይከፈትና «ምን ላጫውት?» በሚል ዓይን አፍጦ ያይሻል፣ በቃ። የአንቺ ብቻ ነው የሚዘፍነው። አንዲት ዘፈን፣ ያቺኑ። ለምን ያንቺ? ጠረጴዛሽ ከመቅጃ ክፍሏ ጋር የተጎራበተ ስለሆነ፣ የጥሩው ማይክሮፎን ገመድ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። ለደንበኛ ጽሑፉን በድምፅ አንብበን ስንሰጥ የምንቀዳው በእሱ ነው፤ የተቀዳውም ካላጠፉት እዚያው ይቀራል። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ወንበሩ ባለቤት አልነበረውም… ማለቴ የታወቀ ባለቤት።

ባለፈው ሳምንት፣ ለፍርድ ቤት ሰዎች ሥራችንን ያሳየሽ ቀን፣ አንቺ በድንጋጤ ምንም አላየሽም። እኔ ከኋላ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ሳቄ ሳይቀድመኝ ልንገርሽ። ከፍርድ ቤት የመጡት ሽማግሌዎች በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሥራቸውን ለእኛ ይስጡን አይስጡን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሥራ አስኪያጃችን ያቺን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች። አንቺን የመረጠችሽ እሷ ናት፤ «ይቺ ልጅ ጣቷ ፈጣን ነው፣ እሷ ታሳያቸው» ብላ። የአንዲት መበለት ምስክርነት ቅጂ ተከፈተ። እንዴት ጥሩ ትገለብጪ ነበር… ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። መበለቲቱ መጣች መጣችና፣ «ባለቤቴ ሊሞት ሲል እጄን ያዘና፣ የመጨረሻ ቃሉ…» ስትል ከኋላ አንዱ ሳለ። አንቺ ደግሞ ቃሉ እንዳያመልጥሽ ብለሽ እንደ ደንቡ ማቆሚያውን ነካሽ። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ የሟቹን የመጨረሻ ቃል ይጠብቃል…

በመስታወቱ ማዶ፣ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ፣
ድምፅሽ ባይደርሰኝም፣ ልቤ ይታመስ…

ቆይ፣ ሻዩ ትን አለኝ። ቆይ… ደህና ነኝ። እኚያ ትልቁ ሽማግሌ ትዝ ይሉሻል? መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጣም በአክብሮት ወደ ሥራ አስኪያጇ ጠጋ አሉና፣ «ይሄ… ሟቹ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እግዜር ያሳይሽ። አጠገባቸው ያሉት ደግሞ ከንፈር መጠጡ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ልደማ ነበር። አንቺ ቁልፉን ደጋግመሽ ትመቺያለሽ፣ ዘፈኑ ይቆምና እንደገና «በመስታወቱ ማዶ» ብሎ ይጀምራል። ሟቹ ሦስቴ ተናዘዙ።

ሳቁ እዚያ ላይ አበቃ። ሥራ አስኪያጇ «ይሄ ማነው የሚያላዝነው? የማን ነው ይሄ?» አለች። አንድ ሰው «የኔ ነው» ቢል እዚያው ያልቅ ነበር አይደል? ሽማግሌዎቹ እንኳ ይስቁ ነበር፤ ሰው ናቸው፣ ወጣት ነበሩ አንድ ጊዜ። ግን ዝምታ ወርቅ ነው ብለው አሳድገውናል። ወርቁ በማን እንጀራ እንደሚገዛ አልነገሩንም።

ደግነቱ አለቃችን ፈጥነው ደረሱልን። «ልጅቷ አዲስ ናት፣ ዘፈን ትወዳለች፤ በሥራ ሰዓት እንዳትከፍት መክሬያት ነበር» አሉ። መቼ ነው የመከሩሽ? አልመከሩሽም? እንግዲህ ምክሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊደርስሽ ይሆናል፤ አባትነትን ጊዜ አይገድበውም። የድሮ ሰዎች የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉ ነበር። ድሮ ቤተሰብ ይበቃ ነበር ማለት ነው፤ አሁን አዲስ ተቀጣሪም ይጨመርበታል። እኔ እሳቸውን እያልኩ አይደለም። እሳቸው ያዩትን ነው የተናገሩት። ምን እንዳዩ እንጂ ምን እንደሰሙ ማን ጠየቃቸው?

አውቃለሁ የኔ እህት፣ አውቃለሁ። ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጇ ጠርታሻለች፤ የሙከራ ጊዜሽ ሳያልቅ ልታሰናብትሽ እንደሆነ ቤቱ ሁሉ እያወራ ነው። እናትሽን ማን ሊያሳክም፣ ወንድምሽን ማን ሊያስተምር ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ እንዳደርሽ ዓይንሽ ይናገራል። ጠጪ ሻይሽን። ገና ከምሳ በፊት ነን።

እስቲ ስለ ዘፋኙ እናውራ፤ እሱ ይሻላል። እኔን እዚህ ቤት ጆሮ እንደሚሉኝ ሰምተሻል? ጆሮ ነው ስሜ። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ የሚንጫጫበት ስብሰባ ሲመጣ «ጆሮን ጥሯት» ይባላል። ሰው ስሙን ይቀይራል፣ ድምፁን ያወፍራል፤ አተነፋፈሱን ግን አይቀይርም። ቃሉን ከመጀመሩ በፊት የሚስባትን ትንፋሽ ከሰማሁ ይበቃኛል። ሥራዬ ስለሆነ ነው፣ ከሌላ አይደለም። እና ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ስሠራ፣ መቼም መሞከር አለበት አይደል? ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንቺና ሽማግሌዎቹ የሰማችሁት መግቢያውን ብቻ ነው፤ ቀሪው ነው እንጂ ዘፈን ማለት።

እንደ ደንባችን ልገልብጥልሽ? «ያልታወቀ ወንድ ድምፅ፦ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እንደገና ይጠርጋል። ወንበር ይንጫጫል።» ለነገሩ አለቃችን ይሄን ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ «በእኔ ፈረቃ ያልታወቀ ድምፅ ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው፣ ደጋግማችሁ ስሙና ስሙን ፈልጉ» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ደጋግሜ ሰማሁ። ስሙን ግን… ምን ቸገረኝ፣ ባለ ስሙ ይንገረን።

ድምፁ እንዴት ያለ ድምፅ ነው መሰለሽ። ወፍራም የሚሉት ይኖራሉ፤ እኔ ወፍራም አልለውም፣ ይከብዳል ብቻ። ዜማውን ሲፈልገው ሲፈልገው ይቆይና፣ ሲያገኘው ወዲያው ይለቀዋል፤ ንፉግ አይደለም። ከፍ ያለችው ቦታ ላይ ሲደርስ እንደ አፋር እንግዳ በሩ ላይ ይቆማል፣ አይገባም። ደግሞ ትሕትናው… አንድ ስንኝ በዘፈነ ቁጥር «ይቅርታ» ይላል። ለማን እንደሆነ እንጃ፤ ለዜማው ይመስለኛል። ትልቅ ተሰጥኦ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እኮ ነው መቅጃ ክፍል ውስጥ ዘግተን ያስቀመጥነው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ አሁን ዘፈንም ሲያመልጥ አይታወቅም መባል አለበት። ራስ መመለጥን ያነሳሁት ለተረቱ ነው እንጂ ማንንም አስቤ አይደለም። ግርዶሹ እኮ አጭር ነው፣ ከላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ይታየኛል… መብራቱ ይሆናል።

ማን ይሆን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ? እኔስ ከየት ላውቅ። አንድ ነገር ብቻ፤ ከዘፈኑ ጀርባ የማዶው ትምህርት ቤት ደወል ይሰማል፣ ልጆች እየጮሁ ሲወጡም ይሰማል። የምሳ ሰዓት ነው ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ደግሞ ሁላችን ወጥተን እዚህ የሚቀሩት አለቃችን ብቻ ናቸው። ታዲያ ዘፋኙን አይተውት አያውቁም ይሆን? በአጠገባቸው አልፎ፣ በር ዘግቶ፣ ማይክሮፎን ሰክቶ ሲዘፍን? ሥራ ላይ አቀርቅረው እንጂ ያዩት ነበር። ሥራ አስኪያጇ በስብሰባ ላይ «ምሳቸውን እንኳ ለሥራ የሠዉ ሰው» ብላ አመስግናቸዋለች እኮ፣ እኛም አጨብጭበናል። እኔ በተለይ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። ዛሬ ዘፈኑን ስሰማ መዳፌ እንደገና በላኝ።

አሁን የሚያስቀውን ልንገርሽ፤ ዳቦሽን ዋጪ መጀመሪያ፣ ያንቺም ትን ይላል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ በር ይንኳኳል። አዎ፣ በቅጂው ውስጥ። የሴት ድምፅ «ሻይ ላምጣልዎ?» ትላለች። ያልታወቀው ወንድ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ዜማውን ሳይለቅ፣ በዚያው በፍቅሩ ዜማ፣ «አይ… ሥራ ላይ ነኝ…» ብሎ ዘፈነላት። አልዋሸሁሽም። በዘፈኑ ውስጥ ዜማ ያልሳተባት አንዷ ቦታ እሷ ናት። በሩ ሲዘጋ ይሰማል፣ ከዚያ «ይቅርታ» ይልና ልቡ መታመሱን ይቀጥላል።

ሳቂ፣ ሳቂ እንጂ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ሳቅሽ ነው፤ ቤቱን ሞላው እኮ።

ያቺን ሴት ደግሞ አውቃታለሁ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ስይዝ መስታወት ውስጥ አያታለሁ። ለማን ነበር እንግዲህ፣ ከምሳ ቀድሜ የተመለስኩ ቀን፣ ሻይ ላምጣልዎ ያልኩት? በመቅጃ ክፍሏ በር ላይ ቆሜ፣ በአንቱታ? ለስንቱ ሰው ሻይ አመጣለሁ፣ ሁሉን አላስታውስም። የማስታወስ ችሎታዬ እስከ ምሳ ድረስ ደካማ ነው። ምሳ ከበላሁ በኋላ አንዳንዴ ይመለስልኛል፤ አንዳንዴ እንዲያውም በደንብ ይመለስልኛል።

ሥራ አስኪያጇ ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘችኝና፣ «ያን ጉድ አጥፍተሽዋል?» አለችኝ። «አላጠፋሁትም፣ የሰው ሥራ ነው፣ የሰው ድካም አላጠፋም» አልኳት። «ጥሩ፤ ልጅቷን ሳናግር እስከ መጨረሻው አብረን እንሰማዋለን» አለች። አየሽ፣ እሷ አንቺ ከኢንተርኔት ያወረድሽው ዘፈን መስሏታል። ለማን እንደተዘፈነም አልገባትም። እስቲ አስቢው፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ በመስታወት ግድግዳ ውስጥ ተቀምጣ፣ ስልክ ስታወራ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የሚታይ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ማን ናት? ከዚህ ክፍል ደግሞ ፊቱ ወደዚያ የዞረ ጠረጴዛ የቱ ነው? የእኔ ወደ መስኮቱ ነው። ያንቺ ወደ ግድግዳው ነው። ሌላ ጠረጴዛ እንዳለ… ግርዶሹ ስለሚከልለኝ አላይም።

አሁን ቀልዱን ልተወውና እውነቱን ልንገርሽ። ዘፈኑ አላናደደኝም። ማፍቀር ነውር ነው እንዴ? ብቻውን የሚኖር፣ ምሳውን ትቶ፣ በር ዘግቶ፣ ማይክሮፎን ፊት የሚንተባተብ ሰው… በደንብ ቢለምነኝ ግጥሙን አብሬው አስተካክልለት ነበር፤ «ይታመስ» ያለውን ማቃናት ቀላል ነው። ያናደደኝ ሌላ ነው። የዘፈነው እሱ፣ የተዘፈነላት እሷ፣ የምትባረረው አንቺ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። አንቺ እኮ ከዘፈኑ ውስጥ የለሽበትም፤ ቁልፍ ነው የነካሽው።

ደግሞ ምን ያህል ቀላል ነበር መሰለሽ። ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከምሳ በፊት ሄዶ በሩን አንኳኩቶ፣ «የኔ ነው፤ ልጅቷ ምንም አታውቅም» ቢላት፣ ሥራ አስኪያጇ ምን ታደርገዋለች? ትደነግጣለች፣ ከዚያ ትስቃለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። ለሽማግሌዎቹም ደውላ ሟቹ እንዳልሆኑ ትነግራቸዋለች። ቀሪውንም መስማት አያስፈልጋትም፤ ሻይ የምታመጣውን ሴት፣ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለውን አዝማች፣ ምንም። እኔም እዚያው አጠፋዋለሁ፣ በሁለት ጣቴ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ግን ለማደር ጊዜ የለንም፣ ያለን እስከ ምሳ ብቻ ነው።

ቢሄድ ነው ያልኩሽ እንግዲህ። ባይሄድም አልፈርድበትም። ሰው ሁሉ ጀግና ሆኖ አይፈጠርም፤ አንዳንዱ ለዘፈን ነው የተፈጠረው።

ዝም በይ እስቲ… ወንበር ተንቀሳቀሰ? ከግርዶሹ ወዲያ… አለቃችን ተነሱ እንዴ? ለሻይ ነው? በምሳ ሰዓት እንኳ የማይነሱ ሰው። ማዳመጫቸውን አላወለቁም፣ እንዳደረጉት ነው የተነሱት። ኧረ፣ ገመዱን ተመልከቺው… ምንም ላይ አልተሰካም። ሲራመዱ ከኋላቸው ወለሉ ላይ ይጎተታል። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ባዶውን ነው ጆሯቸው ላይ ያደረጉት። ይሄን ሁሉ ሰዓት ምን እያዳመጡ ነበር ይሆን?

ጉንጬን አትቆንጥጪኝ፣ አሁን አልስቅም። አልስቅም አልኩሽ እኮ።

ደህና አደሩ ጋሼ? መኖርዎንም አላወቅንም። ጨዋታ ይዘን ነው፣ የሴት ወሬ… ስለ ኮምፒውተር። ላብ በላብ ሆነዋል፤ መስኮቱን የከፈትኩት እኮ ለእርስዎ ነው። ወደ ሥራ አስኪያጇ ነው የሚሄዱት? ማዳመጫውን ይስጡኝ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ። ኮሌታዎንም ያቃኑት፣ በዚህ በኩል ተጣሞብዎታል። እንዲያ… አሁን አማረብዎ። እሷም ብቻዋን ናት፣ ስልክም አልያዘች፤ ከዚህ ትታየኛለች።

አየሽ አንቺ? ተነሺ ቁሚላቸው እንጂ፣ ስለ አንቺ ሊናገሩ ነው የሚሄዱት። ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? «የልጅቷ ጥፋት አይደለም፣ በእኔ ይሁን» ሊሉ ነው። ያላጠፉትን። ያልዘፈኑትን። ያልታወቀ ሰው ጥፋት ተሸክመው በዚያ ኮሪደር ሲሄዱ ተመልከቺ… እንዲህ ያለ አለቃ ተፈልጎ አይገኝም። በሩ ጋ ደረሱ። እጀታውን ያዙ… ቆሙ። ለምን ቆሙ? እግራቸው ከበደ ወይስ የምርቃት ሰው ጠበቁ? ልክ ነዋ፣ ሳይመረቁ ይገባል እንዴ።

ጋሼ፣ ቆይ አይግቡ፣ ልመርቅዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። በሩን ከፍተው ሲገቡ ፊቷን ያብራልዎ፣ አንደበትዎን ያቅናልዎ። ዛሬ የሰው ጥፋት የተሸከመ ትከሻዎን እግዜር ያበርታው። ለራስዎ ጥፋት ደግሞ፣ ጋሼ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሸከምልዎ አዲስ ልጅ አያሳጣዎ።